ቦራን የከሰስኩበት ቀን

ሰው ስንቱን ይከሳል! ጎረቤቱን ይከሳል፣ ወንድሙን ይከሳል፣ ድንበር የገፋበትን ይከሳል። እኔ ግን የአባቴን ፈረስ ከስሼ አውቃለሁ። ያውም በአደባባይ፣ ያውም ፈረሱ ከመስኮቱ ማዶ ባሕር ዛፍ ሥር ታስሮ እየሰማኝ። ልጆቼ ይሄን ወሬ ስጀምር «አባባ ደግሞ ጀመረህ» እያሉ አንድ በአንድ ከቤት ይወጣሉ። ስለዚህ እናንተ ቁጭ ባላችሁበት ልያዛችሁ።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው። ዳንግላ ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ያኔ ስምንተኛ ክፍል መድረስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ መንደር እኔ አፌን ስከፍት ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «እስቲ ዝም በሉ፣ ተማሪው ምን ይላል» ይባባሉ ነበር። እኔም የምለው ባይኖረኝ እንኳ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ትንሽ አስጠብቃቸውና «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» እላለሁ። እነሱም «አያችሁ መማር!» ይላሉ።

ችግሩ፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ዳንግላ ትምህርት አልነበረም። ዘጠነኛን የፈለገ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ መሄድ ነበረበት፤ ትልቁ ትምህርት ቤትም ትልቁ ፍርድ ቤትም እዚያ ነው። ማርቆስ ለመሄድ ደግሞ የሚኒስትሪን ፈተና ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ አባቴን ማለፍ ሌላ ነገር። አባቴ እናቴ ከሞተች በኋላ እኔንና ታናሽ እህቴን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። እኔ ከሄድኩ ከሳቸው በቀር እርፍ የሚይዝ ሰው በቤቱ የለም። እና «ማርቆስ» ባልኩ ቁጥር ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና «ሊዘንብ ነው መሰል» ይላሉ። በበጋም ቢሆን።

አንድ ቀን ግን ሰማዩን ማየት ሰለቻቸው መሰለኝ ፊት ለፊት ተናገሩ።

«የወላጆች ቀን አለ ብለሃል አይደል? እመጣለሁ። ያ ትምህርት ምን እንዳደረገህ በዓይኔ ልየው። ሰው ፊት ቆመህ ሰው የምትመስል ከሆነ ማርቆስ ትሄዳለህ። ካልሆነ ግን በሬዎቹ እዚሁ አሉልህ።»

አለቀ። የሚኒስትሪን ፈተና ያወጡት ሰዎች ከአባቴ ይሻሉ ነበር፤ እነሱ ቢያንስ የሚጠይቁት የተማርነውን ነው።

አሁን ወደ መምህር ፋንታሁን ልውሰዳችሁ። መምህር ፋንታሁን ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጡ ቀጭን ወጣት አስተማሪ ናቸው። ከረባታቸው ቀበቷቸውን አልፎ ይወርዳል፣ ፊሽካቸው ከአንገታቸው አይለይም። የስፖርት አስተማሪ እንዳይመስሏችሁ፤ የሚያስተምሩት ቋንቋ ነው። ያመጡልን አዲስ ነገር የተማሪዎች ክርክር ነበር። ለጎጃም ሰው ክርክር ማምጣት ለዘንገና ሐይቅ ውሃ እንደ መውሰድ ነው። እኛ አገር ሕፃን አፉን የሚፈታው በሙግት ነው። ግን የሳቸው ክርክር እንደኛ አይደለም። የምትይዘው ወገን በዕጣ ይደርስሃል፣ ታምንበትም አታምንበትም እሱን ይዘህ ትቆማለህ።

«የምትናገሩትን ማመን የለባችሁም!» አሉን በመጀመሪያው ቀን፣ በደስታ።

አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የማላምነውን ሰው ፊት ከተናገርኩ የንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?»

«ልምምድ ነው በላቸው።»

«ልምምድ ነው ስላቸው ደግሞ ‹ሐሰት ትለማመዳለህ ወይ?› ቢሉኝስ?»

መምህሩ ፊሽካቸውን ነፉ። መልስ ሲያጡ ፊሽካ ይነፉ ነበር። እኛም ብንሆን አላረፍንላቸውም። አንዱ መናገር ሲጀምር ከልማዱ የተነሣ «በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ይጮኽና መምህሩ ደንግጠው ጠመኔ ይጥላሉ። አንዱ ደግሞ ባላጋራዬ ዋስ ካልጠራ አልናገርም ብሎ ድርቅ አለ፤ ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። አባቱ ሲሟገቱ እንዲያ ሲያደርጉ አይቶ ነው ያደገ።

ለወላጆች ቀን የተመረጠው ርዕስ «ለሰው ልጅ ይበልጥ የሚጠቅመው ፈረስ ነው ወይስ መኪና?» የሚል ነበር። ተከራካሪዎቹ እኔና ይመኙሻል ሆንን። ይመኙሻል የካሚዮን ሾፌር ልጅ ናት፤ ከተማ ተወልዳ ከተማ ያደገች፣ ፈረስ በመንገድ ሲያልፍ ሱቅ ውስጥ የምትገባ። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ከመምህሩ ባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አወጣን። ለሷ ፈረስ ደረሳት። ለኔ መኪና።

ይሄ ለምን እንዳስበረገገኝ እንዲገባችሁ ስለ ቦራ ልንገራችሁ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የአባቴ ፈረስ ነው። አባቴን በስማቸው የሚጠራቸው ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበር፤ ሌላው ሰው «አባ ቦራ» ነው የሚላቸው። ለጊዮርጊስ ጉግስ ሲጫወቱ ሴቱ እልል የሚለው ለሳቸው ይሁን ለፈረሱ አይታወቅም። ከኛ ጋር በአማርኛም በአገውኛም ያወራሉ፤ ከቦራ ጋር ግን በአገውኛ ብቻ፣ ያውም በቁልምጫ። እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ቢያቆላምጡኝ ኖሮ ትምህርቱን ትቼ እዚያው ሳር እየበላሁ እቀር ነበር።

መምህር ፋንታሁን ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። «መምህር፣ እባክዎ ከይመኙሻል ጋር ያቀያይሩን።»

«ዕጣ ዕጣ ነው። ደግሞ የማትወደውን ወገን መያዝህ ነው የሚጠቅምህ።»

«አባቴ እኮ ፈረሰኛ ናቸው።»

«የኔም አባት ነጋዴ ናቸው» አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቅዳሜ ወደ መንደር ተመለስኩ። አባቴ ደጅ ተቀምጠው ቀንበር ይጠርባሉ። «ስለ ምንድን ነው የምትናገረው?» አሉኝ።

«ስለ ፈረስ» አልኩ።

ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው? እሱም አይደለም። ብቻ ቀንበሩን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ። ፊታቸው በአንዴ በራ። ወይኔ ፊታቸው! እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁትም ነበር።

«ስለ ፈረስ? አስኳላ ስለ ፈረስ ያስተምራል? ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግረኝ!»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማስተማር ጀመሩ። እርሻ ላይ፣ ገበያ ስንሄድ፣ እራት ስንበላ። የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ወንዝ ሲሞላ ፈረስ ቆሞ ካሸተተ ለምን ማስገደድ እንደማይገባ፣ ጌታው ከላዩ ሲወድቅ ጥሎት እንደማይሄድ። ሰው ፊት እንዴት እንደሚቆምም ጨመሩበት። «መጀመሪያ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ሰው ልስማ ብሎ ወዳንተ ሲያዘነብል፣ ያኔ ከፍ። ባላጋራህን አትይ፣ ዳኛውን እይ።»

ልነግራቸው ሞክሬአለሁ፤ አትፍረዱብኝ። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» እላለሁ። «ቆይ፣ የኮርቻውን ነገር ሳልጨርስልህ» ይላሉ። የኮርቻው ሲያልቅ የልጓሙ ይመጣል። ከልጓሙ በኋላ የቦራ እናት ታሪክ አለ። የቦራ እናት ረጅም ዕድሜ የኖረች ፈረስ ነበረች።

ሰኞ ሆዴ በፈረስ ተሞልቶ ዳንግላ ደረስኩ። ምን ላድርገው? ይመኙሻልን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምን ሆነሽ?»

«ስለ ፈረስ የማውቀው ጭራ እንዳለው ብቻ ነው!»

«እኔም ስለ መኪና የማውቀው አቧራውን ነው» አልኳት።

ተቀያየርን። ወገኑን ባይፈቅዱልን ዕውቀቱን ማን ይከለክለናል? እሷ ከአባቷ የሰማችውን ስለ ሞተር፣ ስለ ፍሬን፣ በአንድ ጉዞ ስለሚጫነው እህል ነገረችኝ። እኔ የአባቴን ሁሉ፣ ከጥርሱ እስከ ድምፁ ዝቅና ከፍ ድረስ፣ አስተማርኳት። ልጅቱ ደግሞ ለጉድ ትይዛለች። አንዳንዴ ስትለማመድ እየሰማሁ የማን ባላጋራ እንደሆንኩ እረሳና «እሰይ!» እላታለሁ።

አንድ ነገር ግን ነበር ለሷም ለማንም ያልነገርኩት። መምህር ፋንታሁን በልምምድ ላይ «ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ጠንካራ ነጥብህ የታለ? ሰው ልብ ውስጥ የሚገባው?» እያሉ ይጨቀጭቁኝ ነበር። ነበረኝ። ከቤቴ የመጣ፣ ለመኪና ከሱ የበለጠ ማስረጃ የሌለው። እናቴ የሞተችው በክረምት፣ በቦራ ጀርባ ላይ ሆና ወደ ዳንግላ ክሊኒክ ስትመጣ ነው። እኛ ቤት የዚያ ቀን ነገር አይነሣም። አባቴ አንስተውት አያውቁም፤ እኔም አንስቼባቸው አላውቅም። ክርክር አሸንፋለሁ ብዬ አባቴን ሰው ፊት እዚያ ቀን ላይ ልመልሳቸው? ጥርግ ይበል ክርክሩ አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ ብቻቸውን ይመጣሉ ብዬ ነበር። የት! የአካባቢውን ፈረሰኛ ሁሉ አስከትለው መጡ። «ልጄ ስለ ፈረስ ይናገራል» ብለው ለካ አገር ምድሩን ጠርተዋል። ፈረሶቹ ለጊዮርጊስ እንደሚሸለሙት ተሸልመዋል። ዲሬክተራችን አቧራውን ከሩቅ ሲያዩ አገረ ገዢው የመጡ መስሏቸው ኮታቸውን ፍለጋ ሮጡ። ፈረሶቹ በየባሕር ዛፉ ታሰሩ። ቦራ የታሰረው ከአዳራሻችን መስኮት አጠገብ ነው። አባቴ ነጭ በነጭ ለብሰው ከፊት ተቀመጡና በአገጫቸው «አይዞህ» አሉኝ። መሬት ብትከፈት ሳላመነታ እገባ ነበር።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ዲሬክተሩ፣ አንድ አስተማሪና በሐኪም ፋንታ የሚያክሙን የክሊኒኩ ድሬሰር። መጀመሪያ ይመኙሻል ተነሣች። ዳኞቹን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። «ወንዝ በሞላ ጊዜ ፈረስ ቆሞ ያሸታል። ያን ጊዜ አታስገድደው፤ አንተ የማታየውን አይቷልና...» ሰዉ ወደሷ አዘነበለ። ያኔ ከፍ አደረገችው። ፈረሰኞቹን ወንበሩ አላስቀምጥ አላቸው። አባቴ በመጀመሪያ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ቆይተው መነቅነቁን አቆሙ። የቦራ እናት ስትመጣ ግን አልቻሉም።

«ኧረ በሕግ! ይቺ ልጅ የልጄን ነገር ወሰደችበት!» ብለው ብድግ አሉ።

መምህር ፋንታሁን ፊሽካቸውን ነፉ። በፊሽካው ቦራ ደንግጦ ከውጭ አሽካካ። «ይኸው እሱም መሰከረ!» አለ አንድ ፈረሰኛ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ተራዬ ደረሰ። «የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተከበራችሁ ወላጆች» አልኩ። «እኔ የምከራከረው ለመኪና ነው።»

ሳቁ ቆመ። አባቴ ገና ፈገግ እንዳሉ ነበሩ፤ የሰሙት ነገር ፊታቸው ላይ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ከኋላ «የማን ልጅ ነው?» ሲባል ሰማሁ። «የአባ ቦራ።» «ወይ ጉድ!» እኔ መናገሬን ቀጠልኩ፤ መኪና አይደክምም፣ ገብስ አይበላም፣ የጫግኒን እህል በአንድ ጉዞ...

«ክረምት ጭቃ ሲይዘውስ?» አለ አንዱ። «በበሬ ጎትተን አይደል የምናወጣው!»

ፊሽካ። ሳቅ። እንደገና ፊሽካ። ይመኙሻልማ የጭቃውን ነገር ወዲያው አፈፍ አድርጋ ጨመረችበት፤ ሾፌሩ አባቷ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቀጥላም ጣቷን ቀሰረችብኝ፣ ልክ እንዳስተማርኳት።

«ተጠየቅ! መኪና ቢኖር የሚደረግ፣ በፈረስ ግን የማይደረግ አንድ ነገር ንገረን። አንድ!»

አንዱን አውቀዋለሁ። ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው። መምህር ፋንታሁን በዓይናቸው «በል እንጂ!» ይሉኛል። እኔ ግን አባቴን አየሁ። እሳቸውም እኔን ያዩኛል፤ ቁጣቸው ጠፍቶ ሌላ ነገር ሆኗል። ምን እንዳሰብኩ ገብቷቸዋል።

«የለኝም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ያኔ አባቴ ተነሡ። ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው። «ምስክር ነኝ» አሉ።

መምህር ፋንታሁን ሮጠው መጡ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዳሚ መናገር አይፈቀድለትም፤ ደንብ አለ።» ፊሽካውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«የኔ ልጅ» አሉ አባቴ በቀስታ፣ «መጀመሪያ ያንን ነገር ከአፍህ አውጣው።»

«አውቃለሁ ያለ ሰው ይሰማ!» አሉ ሽማግሌዎቹ ከኋላ። በኛ አገር ሸንጎ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ከበዳዩ እኩል ነው የሚታየው። ዲሬክተሩ ግራ ገባቸውና ይናገሩ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ዳኞቹን እያዩ ተናገሩ። ዝቅ ብለው ጀመሩ፤ እስከ መጨረሻው ከፍ አላሉም።

«ይሄ ልጅ የሚያውቀውን ደብቋል። የደበቀው ለኔ ብሎ ነው። እናቱ ልጂቱን በሰላም ተገላገለች። ደሙ ግን አልቆም አለ። ክረምት ነው። ቦራ ላይ አስቀመጥኳትና እኔ ከጎን ደግፌ ወደዚህ መጣን። ባሮጠው እሷን ይጎዳታል። ባዘግም ጊዜው ይሄድብኛል። አዘገምኩ። ቦራ አላጠፋም፤ እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው ነው የሄደ። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ አልነበረችም።» ወደ ድሬሰሩ ዞሩ። «እርስዎ ያስታውሱኛል። ‹ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ› ብለውኝ ነበር።»

ድሬሰሩ አቀረቀሩ።

«በመኪና ቢሆን ትደርስ ነበር» አሉ አባቴ። «እኔ ፈረስ እወዳለሁ። እውነቱ ግን ይሄ ነው። ልጄ እውነት ይዞ ስለኔ አይረታ።»

ኩታቸውን መልሰው ለበሱና ተቀመጡ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁትም፤ ዓይኔ ውሃ ሞልቶ ነበር። የሰማሁትን ልንገራችሁ። ይመኙሻል እያለቀሰች «ተረትቻለሁ! መኪና ይበልጣል!» አለች። መምህር ፋንታሁን «ተከራካሪ ወገኑን አይለቅም!» እያሉ ይለምኗታል። ሽማግሌዎቹ ዳኝነቱ የነሱ መስሏቸው እንደ ሸንጎ ወግ ከታናሹ ጀምሮ በተራ አስተያየት መስጠት ጀመሩ። አንደኛው ሁለቱም ይታረቁ ይላል፤ ፈረሱና መኪናው ማለቱ ነው። በመጨረሻ ዲሬክተሩ ጠረጴዛ መትተው ፍርዱን አነበቡ። በደንቡ መሠረት ከታዳሚ እርዳታ ያገኘ ወገን ተሸናፊ ነው። ፈረስ አሸንፏል።

ፈረሰኞቹ ገና እንባቸውን እየጠረጉ ነበር፤ እልል ይበሉ ይዘኑ ጠፋቸው። አንድ ሁለቱ ግራ እንደገባቸው አጨበጨቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌሎቹ ፈረሰኞች ቀደሙን። አባቴ ቦራ ላይ አልወጡም፤ እየሳቡት ከኔ ጋር በእግራቸው ሄዱ። እኔ በልቤ ማርቆስን ተሰናብቼ ጨርሻለሁ። ሰው ፊት ቆሜ አባቴን አሳፍሬ፣ አስለቅሼ፣ በዚያ ላይ ተሸንፌ! ከዚህ በኋላ ምን አፍ አለኝ?

ብዙ ከሄድን በኋላ «ለመኪና መሆንህን ለምን ደበቅከኝ?» አሉ።

«ስለ ፈረስ ስልዎ ደስ ብሎዎት ነበር።»

«ያንንስ? የእናትህን?»

«እንዳይከፋዎ ብዬ።»

ቆሙ። ምንም ያልላላውን የቦራን መቀነት ፈትተው እንደገና አጠበቁት። ፊታቸውን ከኮርቻው አላዞሩም።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ለሰው ተናግሬው አላውቅም» አሉ። «ሌሊት ሌሊት ብቻዬን ነበር የምሟገተው። ባሮጠው ኖሮ፣ ደግሞ ባሮጠው ትጎዳ ነበር እያልኩ። ዛሬ አወጣሁት። ቀለል ብሎኛል፣ የኔ ልጅ።»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። ትንሽ እንደ ሄድን አፈር አፈሩን እያየሁ «ብቻ ተረታሁ፣ አባዬ» አልኩ።

«ማን ረታህ?»

«ዳኞቹ።»

«ፍርዱ ልክ ነው?»

አሰብኩ። «አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ዳንግላ ላይ ያላግባብ የተፈረደበት ሰው ምን ያደርጋል?»

እውነቴን ነው፣ አልመጣልኝም።

«እስከ ስምንተኛ ተምረህ ይሄን አታውቅም?» አሉና የቦራን ልጓም ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛውረው ትከሻዬን ያዙኝ። «ማርቆስ ሄዶ ይግባኝ ይላላ!»